ታጥቦ የማይጠራ አንገት

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ መተዳደሪያችን ከቤታችን በር ላይ የከፈትነው ትንሽ ሱቅና ባለቤቴ የሚነዳው ባጃጅ ነው። መካከለኛው ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ስናስመዝነው 48 ኪሎ ሆነ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ38 ሳንቲ ሜትር ነው። አባቱ ጠዋትና ማታ በባጃጅ ያመላልሰዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቅ ውስጥ ከእኔ ጋር ስልክ እየነካካ ያመሻል። አንድ ለስላሳ ሳይጠጣ ቀኑ አያልፍም፤ ሻይም ጠዋትና ማታ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ከስናን መጥተው ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ‹ልጁ አማረበት፣ ዓይን እንዳይበላው› እያሉ ያጎርሱታል። አንገቱ ዙሪያውን ጠቁሯል። እድፍ መስሎኝ በሳሙናና በድንጋይ ብፈትገው አልለቅ አለኝ፤ ተናድጄም መታሁት። ባለቤቴ በ38 ዓመቱ ስኳር አለብህ ተብሎ ኪኒን ይውጣል፤ ስለ ልጁ ሳነሳበት ግን ‹እኔስ በኪኒን እየኖርኩ አይደል?› ይለኛል። ጎረቤቴ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል አፍልተሽ ስጪው ብላኛለች። እኔ ደግሞ እራት ልከልክለው፣ ጾሙንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹም እያልኩ ነው። ልጄን ስኳር ይይዘው ይሆን? ጥፋቱስ የእኔ ነው?»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የልጁን አንገት በድንጋይ መፈተጉን ዛሬውኑ እንዲተዉ እለምንዎታለሁ። ያዩት ጥቁረት እድፍ አይደለም። ሐኪሞች አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይሉታል፤ ቆዳው የሚጠቁርበት፣ የሚወፍርበትና ሲዳስሱት እንደ ከፋይ የሚለሰልስበት ለውጥ ሲሆን፣ ከአንገት ሌላ በብብትና በብሽሽትም ይወጣል። በጠይም ቆዳ ላይ እድፍ ስለሚመስል ብዙ እናቶች እንደ እርስዎ ይፈትጉታል፤ ፍትጊያው ግን ቆዳውን ከማቁሰልና ልጁን ከማሳቀቅ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው «የመታሁህ ስላላወቅሁ ነው፤ ቆሻሻ አይደለህም» ይበሉት። እናት ለልጇ ይቅርታ መጠየቋ በእኛ ዘንድ እምብዛም የተለመደ አይደለም፤ ቢሆንም ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ሁሉ የሚሠራው ልጁ ከእርስዎ ጋር የቆመ እንደሆነ ብቻ ነው።

ያ ጥቁረት ራሱ የስኳር በሽታ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። ከጨጓራ ጀርባ የሚገኘው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ የኢንሱሊን ሥራም ከምግብ ወደ ደም የገባውን ስኳር ጡንቻ፣ ጉበትና ስብ እንዲቀበሉት ማዘዝ ነው። አማትዎ የተራራማው የስናን ወረዳ ሰው ናቸውና ጋራ ለጋራ ሆኖ መጣራት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ማዶ ያለው ሰው ጆሮው ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ መጣራት ይበቃል፤ ጆሮው የከበደ እንደሆነ ግን ተጣሪው ድምፁን እያጎላ ደጋግሞ ይጮኻል። ስብ በሆድ ዕቃ፣ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ሲጠራቀም የሰውነት ጆሮ ለኢንሱሊን ይከብዳል፤ ቆሽትም አንድ ጊዜ ይበቃው የነበረውን ትእዛዝ እጥፍ ድርብ አድርጎ መላክ ይጀምራል። ይህ የበዛ ኢንሱሊን የቆዳን ሕዋሳት እየቀሰቀሰ ስለሚያበዛቸው ነው የልጅዎ አንገት የጠቆረው። በዚህ ጊዜ ደሙ ቢመረመር ስኳሩ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ጩኸቱ ገና እየተሰማ ነውና። ተጣሪው ደክሞት ድምፁ ሲሰልል ግን ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የምንለው እንግዲህ ይህንን ነው። ልጅዎ ያለበት ዕድሜም ጉዳዩን ያከብደዋል፤ ጉርምስና ሲጀምር በጤነኛ ልጅ እንኳ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ለተወሰነ ጊዜ ይቀንሳልና። ይህ በሽታ በልጆች ላይ አብዝቶ የሚታየው በጉርምስና ወራት የሆነውም ስለዚህ ነው።

«ይይዘው ይሆን?» ላሉኝ፣ ይይዘዋል ወይም አይይዘውም ብዬ ልተነብይልዎ አልችልም። ለአደጋ የሚያጋልጡት ነገሮች ግን ተደራርበውበታል። የላኩልኝን ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመቱ፣ የተገኘውን እንደገና ለቁመቱ ሳካፍለው 25.2 ይመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለ11 ዓመት ወንድ ልጅ ከልክ ያለፈ ውፍረት ብሎ የሚጠራው ከ22.5 ገደማ ጀምሮ ያለውን ነው። በዚህ ላይ አባቱ ስኳር አለበት፤ አንገቱም ጠቁሯል። ይህን የምነግርዎ ላስደነግጥዎ ብዬ አይደለም፤ ጊዜው ገና ያላለፈ ስለሆነ ነው።

ባለቤትዎ «እኔስ በኪኒን እየኖርኩ አይደል?» ማለታቸው የአዋቂ ስኳርና የልጅ ስኳር አንድ የሚሆን መስሏቸው ነው፤ ነገር ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካ ቱዴይ በሚል ስም የተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው 699 ልጆችን ተከታትሏል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ሜትፎርሚንን፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ለአዋቂዎች በመጀመሪያ የሚታዘዘውን ኪኒን ብቻ ከወሰዱት ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ስኳራቸውን በዚያ ብቻ መቆጣጠር አልቻሉም። እነዚሁ ተሳታፊዎች በአማካይ 26 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ በዓይን፣ በኩላሊት ወይም በነርቭ ላይ ቢያንስ አንድ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር። በ38 ዓመት የጀመረ ሰው ምናልባት በስድሳዎቹ የሚያገኘውን ጉዳት፣ በልጅነት የጀመረ ሰው ገና ትዳር ሳይዝ ያገኘዋል ማለት ነው። ይህን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። ለልጁ እንዲያነቡለት ግን አልመክርም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው?» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ፤ አይደለም። ዝንባሌው በዘር ይወርዳል፤ ለስላሳውና ብስኩቱ በየሱቁ ተደርድሯል፤ የሱቁ ባለቤት መሆንዎ ብቻ ከሌላው እናት የተለየ ጥፋተኛ አያደርግዎትም። አማትዎንም ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም፤ እንዲያውም የእርሳቸው ነገር ሰፋ አድርጌ ላየው የምፈልገው ነው።

የአማትዎ ትውልድ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ በዓይኑ ያየ ወይም በቅርብ የሰማ ነው። በእርሳቸው ዘመን የከሳ ልጅ ለኩፍኝና ለተቅማጥ ቶሎ ይሸነፍ ነበር፤ የወፈረ ልጅ ግን ክረምቱን ተሻግሮ መስከረምን ያያል። ይህ ፍርሃት ደግሞ መሠረት የለሽ አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ሳያገኙ የቀነጨሩ ነበሩ። በጎጃም እስከ ዛሬ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘ ሰው «ወፈርህ፣ ተመችቶሃል» ሲል ምርቃት ነው። እንግዲህ እኒህን አዛውንት «ልጁን እየገደሉት ነው» ብለው ቢናገሯቸው የሚሰሙት የሕይወታቸው ሁሉ ጥበብ ስሕተት ነበር ሲባሉ ነው፤ ይቀየማሉ፣ ጉርሻውም በድብቅ ይቀጥላል። ከዚህ ይልቅ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ይዘዋቸው ይሂዱ። የምራት ቃል የማይደርስበት ቦታ የሐኪም ቃል ይደርሳል፤ ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅን ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በቤትም ከማጉረስ የማያንስ ሥራ ይስጧቸው። ከሱቁ ብስኩት ፈንታ የገብስና የሽምብራ ቆሎ የሚቆሉለት፣ የባቄላ ወይም የአተር ንፍሮ የሚቀቅሉለት እርሳቸው ይሁኑ። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በባጃጅ ሳይሆን እጁን ይዘው በእግር የሚያደርሱትም እርሳቸው ይሁኑ። የስናን ሰው በእግር መሄድ አይከብደውም።

አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ፤ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ ብባል የምመርጠው እርሱን ነውና። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኮላ ለስላሳ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ወደ ስምንት ነው። በሁለቱ ሻይ የሚገባው ስድስት ማንኪያ ሲጨመርበት ልጅዎ ብስኩቱና ከረሜላው ሳይቆጠር በቀን 14 ማንኪያ፣ ወደ 56 ግራም ስኳር ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ተጨማሪ ስኳር በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ልክ ለአዋቂ ሰው እንኳ ወደ 25 ግራም ገደማ ይመጣል። በፈሳሽ የሚገባ ስኳር ደግሞ እንደ እንጀራ ሆድን አይሞላም፤ ልጁ ለስላሳውን ጠጥቶ እራቱን አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳይቀንስ ይበላል። ስለዚህ ለስላሳው ለሽያጭ ብቻ መሆኑን፣ ለቤተሰቡ አባል ሁሉ፣ ለእርስዎም ለአባቱም ጭምር የማይከፈት መሆኑን ይወስኑ። ማልቱና የታሸገው ጁስም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ «ጁስ ፍራፍሬ ነው» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋ አያታልልዎት። ሻዩን በአንድ ቀን መራራ አያድርጉበት፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ቢቀንሱለት አንደበቱ ይለምደዋል። ሲጠማው ውሃ ይጠጣ፤ በፍስክ ቀንም ስኳር ያልገባበት ወተት ወይም እርጎ ማግኘት ይችላል።

እራት መከልከሉን ግን ይተዉት። ልጅዎ ገና እያደገ ያለ ልጅ ነው፤ ዓላማችን ክብደቱን ማራገፍ ሳይሆን ቁመቱ ክብደቱን እስኪደርስበት ክብደቱን ባለበት ማቆየት ነው። ይህ የስንፍና ምክር እንዳይመስልዎት፣ ስሌቱን አብረን እንየው። ዛሬ ያለበትን 48 ኪሎ ጠብቆ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ቢደርስ፣ 25.2 የነበረው ቁጥር ወደ 21.3 ይወርዳል፤ አንድ ቀን ሳይራብ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሚባለው ክልል ወጣ ማለት ነው። በሐኪም ቁጥጥር ቀስ ብሎ መቀነስ የሚያስፈልገው ልጅም አለ፤ ያን የሚወስነው ግን መርማሪው ሐኪም ነው። እራት ተነፍጎ የተኛ ልጅ ግን ሌሊት ተነሥቶ ሱቁን ይከፍታል፤ ቁልፉ ያለበትን ያውቃልና።

አንዳንድ የምግብ ምክሮች ለልጁ የተለየ ሳህን አቅርቡ ይላሉ። እኛ ከአንድ ገበታ የምንበላ ሰዎች ነን፤ አንዱን ልጅ ከገበታው ለይቶ ማስቀመጥ ቅጣት ነው፤ እርሱም እህት ወንድሞቹም እንደዚያ ያነቡታል። ስለዚህ የሚለወጠው ልጁ ሳይሆን ገበታው ይሁን። የጤፍ እንጀራ ጠላት አይደለም፤ ብዛቱን ግን ልንመጥነው ይገባል። ወደ ገበታው የሚወጣውን እንጀራ ቀንሰው የሽሮውን፣ የምስሩን፣ የክኩንና የጎመኑን መጠን ያብዙ። ተጨማሪ እንጀራ ወዲያው ከማምጣት ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ የጥጋብ ስሜት ከሆድ ወደ አእምሮ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። «ጨርስ፣ አታስተርፍ» የሚለውን ትእዛዝ ይተዉት፤ ጠገብኩ ካለ ይመኑት። የድንች ወጥ በእንጀራ ሲቀርብ ገንቢ ነገር የጨመርን ይመስለናል እንጂ ድንቹም እንጀራውም ወደ ስኳር የሚለወጡ ናቸው፤ ድንች ከስናን በተላከ ጊዜ እንጀራውን ቀነስ ማድረግ ይበጃል። ለአባቱ የሚያስፈልገው ገበታም ይኸው ስለሆነ ሁለት ዓይነት ማብሰል አይጠበቅብዎትም። የአባቱን መድኃኒት በተመለከተ ግን ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ ምንም አይለውጡ።

ጾሙን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ጾም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እንጂ ሚዛን ለመቀነስ የሚታዘዝ አይደለም፤ ልጁ ጾምን ከውፍረቱ ቅጣት ጋር ካያያዘው ሁለቱንም ይጠላቸዋል። ከዚህም ሌላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ልጅ ሲፈቀድለት የሚሮጠው ወደ ጎመኑ ሳይሆን ወደ ቦምቦሊኖው፣ ወደ ሳምቡሳውና በለስላሳ ወደሚማገው ዳቦ ነው፤ ሁሉም የጾም ምግቦች ናቸውና ማንም አይከለክለውም። በልማዱ እንደሚጾመው ይጹም፤ የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ይነጋገሩበት፤ የጾሙ ገበታም በጥራጥሬና በአትክልት የበረከተ ይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህን ስል ወደ ኳስ ሜዳ ይላኩት ማለቴ አይደለም፤ የወፈረ ልጅ በመጀመሪያው ቀን በረኛ ይደረጋል ወይም «ዱባ» ይባልና ዳግመኛ አይመለስም። ጠዋት አባቱ በባጃጅ ያድርሱት ካሉ ያድርሱት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከእህት ወንድሞቹ ጋር በእግሩ ይመለስ። ውሃ መቅዳት፣ ሸቀጥ መሸከም፣ ከአያቱ ጋር ወደ ገበያ መውረድ ሁሉ ይቆጠራል። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ባይጠራው እንኳ ከደም ስኳር ይወስዳልና ክብደቱ ሳይቀንስ እንኳ እንቅስቃሴው ይጠቅመዋል። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ስልክ ይዞ ማምሸቱም ይቅር፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት መተኛት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግሥቱ የሚርበው ጣፋጭ ነገር ነው።

የሽፈራው ነገር ብዙ አያቆየኝም። ቅጠሉ በምግብነት ቢበላ አልቃወምም፤ እንደ መድኃኒት ተፈልቶ ለ11 ዓመት ልጅ በየቀኑ መስጠትን ግን አልደግፍም፤ ከሁሉ የሚከፋው «መድኃኒት ጀምሬለታለሁ» ብለው ምርመራውን ማዘግየትዎ ነው።

ምርመራውም ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ባለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ተቋም የሕፃናት ሐኪም አይቶት በባዶ ሆዱ የደም ስኳሩ ይለካ። ውጤቱ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ በሽታው ደጃፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የተባለው ምርመራ ካለ እርሱንም ይጠይቁ፤ እዚያ 5.7 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ክትትል ይፈልጋል፤ 6.5 ደግሞ የበሽታው ወሰን ነው። የደም ግፊቱንና ጉበቱንም እንዲያዩለት ያሳስቡ። ውጤቱ ደህና ከሆነ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ክብደቱ መጨመሩን ከቀጠለ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይደገማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጁ በድንገት ውሃ ውሃ ካለው፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ከተነሣ፣ እየበላ መክሳት ከጀመረ፣ ወይም ሆዱን አሞት እያስመለሰው በጥልቀት የሚተነፍስ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ልጆችን በድንገት የሚጥለውና ያለ ኢንሱሊን መርፌ የማይታከመው አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የወፈረውንም የቀጨጨውንም ልጅ ስለሚይዝ፣ «ከሳልን እኮ፣ ተሻለው» ብሎ መደሰት ሕይወት ያስከፍላል።

ለምርመራው ቀን ልጁ ማታ ከበላ በኋላ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምስ ጠዋት ይምጣ፤ የጠዋቱ ሻይም ይቅር። አማትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ቆሎውንም ቋጥረው ይያዙ። ደሙ ከተሰጠ በኋላ ይርበዋል፤ ከሆስፒታሉ በር ላይ ካለው ሱቅ ለስላሳ ሳይለምንዎ በፊት አያቱ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ይስጡት።